ለጡረታ ዘመን መንደር ሲመረጥ

«ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለውን ምርቃት ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው ኖረናል። መራቂው ሽማግሌ ይህን ሲል ጧሪው ልጅ፣ የመጦሪያውም ስፍራ የልጁ ቤት መሆኑ ሳይነገር የታወቀ ነበር። ዛሬ ግን ከወገኖቻችን ብዙዎቹን እርጅና የሚያገኛቸው ምርቃቱ ባላሰበው አገር ነው። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ በሃያ አምስት ዓመት ዕድሜው ወደ አሜሪካ የተሰደደው ተማሪ አሁን ሰባ ዓመት አልፎታል። ልጆቹ ራቅ ባለ ከተማ ሥራ ይዘዋል፤ ቤቱ ደረጃ የበዛበት ነው፤ መኪና መንዳቱም እያስፈራው ሄዷል። ስለዚህ በስልክ ሲያነጋግረን «ወደ ጡረተኞች መንደር ልግባን? ብገባስ የትኛው ይስማማኛል?» ሲል ይጠይቀናል።

ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንሰጥ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» እንዳንባል እንሰጋለን። ይሁን እንጂ ቅጹን የሚሞላው፣ ውሉን የሚያነበው፣ ለአጎቱና ለአክስቱ የሚያስረዳው ብዙ ጊዜ የተማረው ወጣት ነውና ነገሩን አስቀድሞ መመርመር ይገባዋል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዓይነቱን መንደር በሰፊው ያስታወቀው በአሪዞና፣ በፊኒክስ ከተማ አጠገብ የተሠራው ሰን ሲቲ ነው። ዴል ዌብ የተባለው የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ መንደሩን በጃንዋሪ 1 ቀን 1960 ለሕዝብ ሲከፍት፣ በመክፈቻው ሰሞን መቶ ሺህ ያህል ሰው ሊያየው እንደ ጎረፈ ይነገራል። ሰውየው የሸጠው ለደካማ መጠለያ የሚሆን ቤት አልነበረም፤ የጎልፍ ሜዳ፣ የመዋኛ ገንዳና የእጅ ሥራ ክፍል ያሉበት፣ ሥራውን የጨረሰ ሰው እንደ ልቡ የሚውልበት ኑሮ ነበር። ሐሳቡም ተወዶ በሌሎች ክፍላተ ግዛት ተስፋፋ።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንደሩን ለማየት የሚሄደው በእግሩ ቆሞ፣ በዓይኑ እያየ፣ መኪናውን እየነዳ ነውና የሚመርጠውም ለዚያ ጤነኛ ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት የሚኖረው የዛሬው ሰው ብቻ አይደለም፤ ከአሥር ወይም ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ ምርኩዝ የሚይዘው ሰው ጭምር ነው። እኛ እንደሚመስለን የመንደሩ ማማርና አለማማር በመጨረሻ የሚመዘነው ነዋሪው እጅግ በደከመበት ቀን ነው። ስለዚህ አራት ነገሮችን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል።

አንደኛው፣ ከእኔ ጋር ማን ሊኖር ይፈቀድለታል? የሚለው ነው። በ1988 የተሻሻለው የአሜሪካ ሕግ ልጅ ያለውን ቤተሰብ ቤት መከልከልን ሲያግድ ለአረጋውያን መንደሮች ልዩ ፈቃድ ትቶላቸዋል። በአንደኛው ደንብ መሠረት ሰው ከሚኖርባቸው ቤቶች ቢያንስ ከመቶ ሰማንያው 55 ዓመት የሞላው አንድ ሰው ያለባቸው ሊሆኑ ይገባል። ከዚህም ሌላ ልጆች በእንግድነት የሚቆዩበትን ቀን እየቆጠሩ የሚወስኑ መንደሮች ብዙ ናቸው። በሰን ሲቲ ጎረቤት ያንግታውን የተባለችው ከተማ በ1998 የዕድሜ ገደቧን ያጣችው፣ ከአያቶቹ ጋር ይኖር በነበረ አንድ ወጣት ምክንያት በተነሣ ክርክር ነበር። ጸጥታ ለሚወድ ሰው ይህ ገደብ ጥቅም ነው፤ የልጅ ልጁን ድምፅ ሳይሰማ መዋል ለማይችል ግን ግቢው ምንም ቢያምር አይስማማውም።

ሁለተኛው፣ ስደክም ወዴት እሄዳለሁ? የሚለው ነው። እንደ ሰን ሲቲ ያሉት መንደሮች በመሠረቱ ቤትና መዝናኛ ያቀርባሉ እንጂ ነዋሪውን የማስታመም ግዴታ የለባቸውም። በሌላ ወገን በአንድ ግቢ ውስጥ ሦስት ደረጃ ያላቸው መንደሮች አሉ፤ ይኸውም ራሱን ለቻለ ሰው የሚሆን ቤት፣ በመልበስና በመታጠብ ረዳት ለሚያሻው የሚሆን ክፍል፣ እንዲሁም ለታመመ ሰው የነርስ እንክብካቤ ያለበት ክፍል ነው። ነዋሪው ሲደክም ጎረቤቶቹን ሳይለቅ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዛወራል። ነገር ግን አብዛኞቹ ሲቀበሉ ሰውየው ራሱን የቻለ ጤነኛ እንዲሆን ይጠይቃሉ። እንግዲህ «ስታመም እገባለሁ» ብሎ የሚጠብቅ ሰው በታመመ ጊዜ በሩ ተዘግቶ ሊያገኘው ይችላል።

ሦስተኛው የገንዘብና የውል ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው መንደር ብዙውን ጊዜ ከፍ ያለ የመግቢያ ገንዘብና የየወር ክፍያ ያስከፍላል። ውሉም በሦስት ዓይነት ይከፈላል። በአንደኛው መግቢያው ብዙ ነው፤ ሰውየው ቢታመምም የየወሩ ክፍያ በሕመሙ ምክንያት እምብዛም አይጨምርም። በሁለተኛው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንክብካቤው በክፍያው ውስጥ ይታሰባል። በሦስተኛው መግቢያው ያንሳል፤ ነዋሪው ሲታመም ግን የገበያውን ዋጋ ይከፍላል። «ሜዲኬር ይከፍልልኛል» የሚለውም ተስፋ ብዙዎችን ያታልላል። በ1965 የተደነገገው ይህ የጤና መድን፣ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ከወጣ በኋላ የሚያሻውን የነርስ እንክብካቤ ቢበዛ እስከ 100 ቀን ይደግፋል እንጂ ለዘለቄታው ማጉረስና ማልበስን አይከፍልም። ለድኾች የቆመው ሜዲኬድ በበኩሉ የሚደርሰው የሰውየው ጥሪት ካለቀ በኋላ ነው።

የመንደሩንም አቅም መመርመር ያሻል። በካሊፎርኒያ ፓሲፊክ ሆምስ የተባለው ድርጅት እስከ ሞት እንጦራለን ብሎ በቁርጥ ዋጋ ውል ገባ፤ ነዋሪዎቹ ከታሰበው በላይ ዕድሜ አገኙ፤ ወጪውም ናረ፤ በ1977 ድርጅቱ ከሠረ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ከሣሪ ድርጅት ግን ወረቀቱን ይዞም ሊለቅ ይችላልና ከመፈረም በፊት የሒሳብ መግለጫውን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት ይገባል።

አራተኛው በማስታወቂያ ወረቀት ላይ የማይገኘው ነው፤ በምን ቋንቋ አረጃለሁ? የመርሳት ሕመም የያዘው ሰው ኋላ የተማረውን ቋንቋ እየረሳ ወደ እናቱ ቋንቋ መመለሱ ብዙ ጊዜ የታየ ነው። አርባ ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ መሐንዲስ አንድ ሌሊት ውሃ በአማርኛ ቢጠይቅ የሚሰማው አለን? የጾም ምግብ የሚያውቅ ወጥ ቤት፣ መኪና ሳይነዳ የሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ አለን? በዋሽንግተን አካባቢ በእንዲህ ያሉ ቤቶች ከሚያገለግሉት ሠራተኞች መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። ስለዚህ ከመዋኛ ገንዳው በፊት በማታው ተራ የሚሠሩት እነማን እንደሆኑ መጠየቅ ይበልጣል። አስጎብኚው በቀጠረው ቀን ብቻ ሳይሆን ባልታሰበ ቀን በምሳ ሰዓት ሄዶ ከነዋሪዎች ጋር መብላት፣ ቢቻልም ጥቂት ሌሊት አድሮ ማየት ጠቃሚ ነው። የነርስ ክፍሎቹንም መንግሥት ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ እየሰጠ ስለሚመዝናቸው ይህን መመልከት አያዳግትም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ የወጣቱ ድርሻ መርምሮ ማስረዳት እንጂ መወሰን አይደለም። አባትን ሳይጠይቁ መንደር መምረጥ፣ በመልካም ሐሳብም ቢሆን፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማስቀመጥ ነው። ሳይጠየቅ የተወሰነለት ሽማግሌ በአማረ ክፍል ውስጥ ቢቀመጥም ቤቴ አይለውም። ለዚህ ነው ጥያቄው አቅምና ምርጫ ሳለ፣ በሰላሙ ቀን፣ በማዕድ ዙሪያ ሊነሣ የሚገባው።

ነገሩም የባሕር ማዶ ወገኖቻችን ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ ያለ አሳንሰር አራት ፎቅ የሚወጣባቸውን የጋራ መኖሪያ ቤቶች የምናውቅ ሁሉ፣ ዛሬ ደረጃውን እየሮጠ የሚወጣው ወጣት በስድሳ ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ እንደ ምን ይሆናል ብለን ማሰብ አለብን። ነገ ፕላን የሚያወጡት የዛሬዎቹ ተማሪዎችና ወጣት ሹማምንት ናቸው። እያንዳንዱን ቤት ለጤነኛው ብቻ ሳይሆን ለደካማውም አስበው ቢያሠሩ፣ የአያቶቻችን ምርቃት በአዲሱ ኑሮ ውስጥም ስፍራ ያገኛል።