የቤቱ ስምና የቤቱ ታሪክ

ታሪካዊ ቤት ድንጋይና እንጨት ብቻ አይደለም። የሠሪውን ጥበብ፣ የነዋሪውን ኑሮና የዘመኑን ሁኔታ አጣምሮ የያዘ ማስረጃ ነው። ማስረጃ ከሆነም ሊጠበቅ የሚገባው ጣሪያው እንዳያፈስና ግድግዳው እንዳይፈርስ ብቻ አይደለም፤ ስለ እርሱ የሚነገረው ቃል ከእውነት እንዳይርቅ ጭምር ነው። ለዚህ አስተያየት በሐረር ከተማ፣ በጀጎል ግንብ ውስጥ የሚገኘው «የራምቦ ቤት» ጥሩ ምሳሌ ይሆናል።

በመጀመሪያ ቤቱ የሚጠራበት ሰው ማን እንደ ነበረ እንመልከት። አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. በ1854 በፈረንሳይ አገር ተወለደ። በአፍላ ዕድሜው በጻፋቸው ግጥሞች በአገሩ ሥነ ጽሑፍ ውስጥ ታላቅ ስፍራ ያገኘ ቢሆንም፣ ሃያ ዓመት ከሞላው ብዙም ሳይቆይ ግጥም መጻፉን እርግፍ አድርጎ ተወ። እ.ኤ.አ. በ1880 ኤደን ላይ በአንድ የፈረንሳውያን የንግድ ድርጅት ተቀጠረና በዚያው ዓመት መጨረሻ ሐረር ገባ። በዚያን ጊዜ ከተማይቱ በግብፆች እጅ ነበረች። ሥራው ቡናና ቆዳ እየገዛ ወደ ባሕር ጠረፍ መላክ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ያዙ፤ ራምቦም በዚያው ዓመት ጠመንጃ አምጥቶ ሸጠላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሐረር ተመልሶ የራሱን ንግድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1891 ግን ጉልበቱን በጽኑ ስለ ታመመ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በዚያው ዓመትም በ37 ዓመቱ ሞተ።

ጥያቄው የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ባለ ፎቅ ቤት የተሠራው ራምቦ ከሞተ በኋላ ነው፤ ያሠራውም አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ስለዚህ ራምቦ የዚህን ቤት ደረጃ አልወጣም፤ በመስኮቶቹም አሻግሮ ከተማይቱን አልተመለከተም። ቀድሞ በስፍራው በነበረ ሌላ ቤት ውስጥ ኖሯል የሚሉ አሉ። ይህ እውነት ቢሆን እንኳ ቦታና ቤት አንድ አይደሉም። «ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት» ይባላል። እዚህ ግን ስሙ ከውጭ መጣ፤ ቤቱም ተከተለ።

«ታዲያ በስም ምክንያት ምን ጉዳት ይደርሳል?» የሚል አይጠፋም። በእኔ አስተያየት ጉዳቱ ሁለት ነው።

አንደኛ፣ ስሙ የቤቱን እውነተኛ ታሪክ ይሸፍናል። የሐረሪዎች ነባር ቤት መደብ ያለው፣ ሦስት ክፍሎች በምድር ቤት የሚገኙበት፣ ለኑሮአቸውና ለባህላቸው ተስማምቶ የተሠራ ነው። ከ1887 እ.ኤ.አ. በኋላ ወደ ከተማይቱ የመጡ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ደግሞ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚመለከት በረንዳ ያለው ባለ አንድ ፎቅ ቤት መሥራት ጀመሩ። ቆይቶም የሁለቱን ጥበብ ያዋሐደ ሦስተኛ ዐይነት ቤት ተፈጠረ። በጀጎል ውስጥ የሚሄድ ሰው እነዚህን ቤቶች ጎን ለጎን ቆመው ሲያይ፣ የንግድ መንገድ ቡናና ጨርቅ ብቻ ሳይሆን የአናጢነትና የግንበኝነት ዕውቀትም እንዳመጣ ይረዳል። በአንድ ባለቅኔ ስም ብቻ የተጠራ ቤት ግን ይህን ሁሉ አይናገርም። ያሠራው ነጋዴ፣ እንጨቱን የጠረቡትና ግድግዳውን ያቆሙት ባለሙያዎች ሁሉ ይዘነጋሉ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቅርስ ክብር የሚያገኘው ታዋቂ የውጭ አገር ሰው ስለ ኖረበት ነው የሚል የተሳሳተ አስተሳሰብ ያሳድራል። ሐረር ግን ራምቦ ሳይወለድ ከብዙ ዘመናት በፊት የታወቀች የንግድና የእስልምና ትምህርት ማዕከል ነበረች። ጀጎል እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውም በግንቡ፣ በመስጊዶቹና በቤቶቹ አሠራር ነው። እንግዳው ወደ ከተማይቱ መጣ እንጂ ከተማይቱ በእንግዳው አልተፈጠረችም።

በሌላ በኩል፣ ስሙ ጎብኚ እንደሚስብ፣ ቤቱም እንዲጠገንና ሙዚየም እንዲሆን እንደ ረዳ የሚከራከሩ አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ባለቤት አጥተው የፈረሱ አሮጌ ቤቶች ብዙ ናቸውና። ሆኖም እውነትን መናገር ጎብኚን አያባርርም። ራምቦ በሐረር መኖሩ የተረጋገጠ ነው። ከዚያ ለቤተሰቡ የላካቸው ደብዳቤዎችና እ.ኤ.አ. በ1883 በከተማይቱ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ምስክሮች ናቸው። እነዚህ በቤቱ ውስጥ ቢታዩ ተገቢ ነው። የሚያስፈልገው ስሙን መፋቅ ሳይሆን፣ ቤቱን ማን እንዳሠራው፣ የሕንዳውያን ቤት ከነባሩ የሐረሪ ቤት በምን እንደሚለይና ራምቦ ከቤቱ ጋር ያለው ግንኙነት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ በበሩ ላይ በግልጽ መጻፍ ነው። እውነቱን የተረዳ ጎብኚ አንድ ታሪክ ሊያይ መጥቶ ሁለት ታሪክ ይዞ ይመለሳል።

ይህ ጉዳይ የሐረር ብቻ አይደለም። በየከተማው የአንድ ሰው ስም የተሰጠው አሮጌ ቤት አይታጣም። ተማሪዎችም እንዲህ ያለውን ቤት ሲያዩ ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቁ መልካም ነው፦ ማን ሠራው? ማን ኖረበት? ስሙንስ ማን አወጣለት? የሦስቱ መልስ አንድ ሰው ከሆነ ታሪኩ ቀላል ነው። መልሱ የተለያየ ከሆነ ግን ለሦስቱም ድርሻቸውን መስጠት ይገባል። የፈረሰ ግድግዳ በግንበኛ ይጠገናል፤ የተዛባ ታሪክ ግን የሚቃናው በሚጠይቅ ትውልድ ነው።