የላብ ዋጋ በ«ቤተሰብነት» ስም አይሸፈንም

ሥራ በፋብሪካም ይከናወን በእርሻ ወይም በሰው ጓዳ፣ ሥራ መሆኑ ከቶ አያጠያይቅም። ይሁን እንጂ በጓዳ የሚፈሰው ላብ ለረጅም ዘመን ከቁጥር ሳይገባ ቆይቷል። ለዚህ ከሚቀርቡት ሰበቦች ሁሉ እጅግ የለሰለሰው «እርሷ እኮ ቤተሰባችን ናት» የሚለው ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ «ኦ ፔር» የሚባለው አሠራር የዚህ ጉልህ ምሳሌ ነው። ቃሉ ፈረንሳይኛ ሲሆን «በእኩልነት» እንደማለት ነው። አንዲት ወጣት ከአገሯ ወጥታ በባዕድ ቤተሰብ ዘንድ ትቀመጣለች፤ ሕፃናት ትጠብቃለች፤ በቤት ሥራ ታግዛለች፤ በምትኩም ምግብ፣ መኝታና የኪስ ገንዘብ አግኝታ ቋንቋ ትማራለች። ዓላማው በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 በስትራስቡርግ የተደረገው ስምምነት ሥራው በጠቅላላው በቀን ከ5 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም ቢያንስ አንድ ሙሉ የዕረፍት ቀን እንዲኖር ደንግጓል።

ሊሠመርበት የሚገባው ነጥብ ግን በዚያው ስምምነት መግቢያ ላይ ይገኛል። ኦ ፔር ተማሪም ሠራተኛም ሳትሆን የሁለቱን ባሕርይ የያዘች ልዩ ክፍል ናት ይላል። ሠራተኛ ካልተባለች ደግሞ የሠራተኛን መብት ለመጠየቅ የምትቆምበት መሬት ይጠብባታል። ብዝበዛ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ሥራ ሲበዛ «ቤተሰብ ነሽ» ትባላለች፤ የክፍያ ነገር ሲነሣ ግን ቤተሰብነቱ ይረሳል። ቅር ተሰኝታ ብትወጣም ከሥራዋ ጋር መኝታዋን፣ አልፎ ተርፎም የመኖሪያ ፈቃዷን ልታጣ ትችላለች።

በአሜሪካ ከ1986 ጀምሮ በባሕል ልውውጥ ስም የተቋቋመው ፕሮግራም በሳምንት እስከ 45 ሰዓት ማሠራትን ፈቅዷል። ሆኖም ወጣቶቹ ዝም አላሉም። በ2014 በዴንቨር ፍርድ ቤት አገናኝ ድርጅቶች ክፍያችንን ዝቅ ለማድረግ ተመሳጥረዋል ሲሉ ክስ መሠረቱ። በ2019 ድርጅቶቹ ጥፋት ሳያምኑ 65.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። ኖርዌይም በ2024 አሠራሩን አቋርጣለች። ከዚህ የምንረዳው ተበታትኖ በየጓዳው የሚሠራ ወገን እንኳ ሲተባበር ድምፁ የሚሰማ መሆኑን ነው።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ ነውን? አይደለም። «እንደ ልጄ ነው የማያት» የሚለው ቃል በየሠፈራችን ስንት ጊዜ ተሰምቷል? ልጅ የተባለችው ግን ከሁሉ ቀድማ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች፤ የቤቱ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ እርሷ ማድቤት ትቀራለች። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156ም ይህን መሰል የግል አገልግሎት ከአዋጁ ውጭ አድርጎ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲመራ ነበር የተወው።

እኛ ፍቅርን አንቃወምም። የምንቃወመው ፍቅር የደመወዝ ምትክ ሆኖ ሲቀርብ ነው። ስለዚህ በየዕድሩና በየሥራ ቦታው የምንሰባሰብ ሁሉ ቁጥጥሩን ከገዛ ቤታችን እንጀምር። የሥራው ሰዓት ይወሰን፤ የዕረፍቱ ቀን ይከበር፤ ደመወዙ በቀኑ በራሷ እጅ ይሰጥ፤ ውሉም በጽሑፍ ይስፈር። የራሱን ላብ ዋጋ የሚጠይቅ ሠራተኛ በገዛ ጓዳው የሌላውን ላብ ሊነፍግ አይገባውም።