ባሌስትራ ጨምረን ፍሬን ረሳን!

እንዲያው ለመሆኑ መኪና በኛ አገር መቼ ነው የሚሞተው? ሞተሩ ሲቃጠል? አይሞትም፤ ሌላ ሞተር ይገባለታል። ሻንሲው ሲሰነጠቅ? አይሞትም፤ ይበየዳል። ጋቢናው ዝጎ ሲበሳሳ? ባትላሜራ አለለት። ባለቤቱ ይሞታል፣ ልጅ ይወርሰዋል፣ ልጅየው ለጎረቤት ይሸጠዋል፤ መኪናው ግን አለ። ይህን ማየት የፈለገ ሰው በገበያ ቀን ወደ መሐል ሜዳ፣ ወደ ሞላሌ፣ ወደ ራቤል ወይም ወደ ዓለም ከተማ ብቅ ይበል። ከሾፌሩ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ፒክአፕ በግ፣ ገብስ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሰው አንድ ላይ ጭኖ ሲያቃስት ያገኘዋል።

የአዲስ አበባ ሰው እንዲህ ያለውን መኪና “ቅራቅንቦ” ብሎ ያልፈዋል። የመንዝ ሰው ግን እንዲህ ብሎ አይሰድበውም። ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት የምትወርደው በዚህ ነው። ዳኝነት፣ ሐኪም ቤት፣ ለቅሶ፣ ሠርግ የሚደረሰው በዚህ ነው። አውቶቡስ በማይገባበት ቀበሌ መንግሥትም ቢሆን የሚደርሰው በተለየ ክንፍ አይደለም።

እኔ ዛሬ የምለው አንድ ነገር ነው። አሮጌ ፒክአፕን መጠገንና መለወጥ ወንጀልም ኋላ ቀርነትም አይደለም፤ የደጋው ሰው የኖረበት ብልሃት ነው። ነገር ግን ይህን ብልሃት መንግሥት አላየሁም ብሎ ስለተወው፣ ጋራዡም በልማድ ብቻ ስለሚሠራው፣ መኪናውን እንዲሸከም እያደረግነው እንዲቆም ግን አላደረግነውም። ጉልበት ጨምረንለት ልጓሙን ረሳነው።

መጀመሪያ አገሩን እንየው። የመንዝ መንገድ ከጣርማ በር ተገንጥሎ፣ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሐል ሜዳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጓሳ ምድር ነው። የመርሃቤቴው ደግሞ ከሙከ ጡሪ ተገንጥሎ፣ ሌሚን አልፎ፣ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ቁልቁል ወርዶ ጀማ ወንዝን ይሻገርና እንደገና ወደ ዓለም ከተማ ሽቅብ ይወጣል። ብርድና ሙቀት፣ ዳገትና ቁልቁለት በአንድ ጉዞ ይፈራረቃሉ። ለዚህ አገር ተብሎ የተሠራ መኪና በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ መኪናው ለአገሩ እንዲስማማ ይለወጣል፤ ሌላ ምን ምርጫ አለ?

ከሁሉ በላይ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ሃይሉክስ ነው። ቶዮታ ይህን ፒክአፕ ጃፓን ውስጥ ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ሲሆን፣ በአራቱም ጎማ የሚጎትተው ዓይነት በ1979 ተከተለ። የድሮው ሃይሉክስ ምስጢሩ ጥንካሬው ብቻ አይደለም፤ ግልጽነቱ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱት ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅም ይገባል። ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ካቻቢቴና መፍቻ የያዘ፣ ጆሮው ንቁ የሆነ መካኒክ በሜዳ ላይ ይፈታዋል፣ በሜዳ ላይ ይገጥመዋል። የጎደለው ዕቃ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል፤ ከጠፋም ቶርኖ ቤት ይቀረጻል።

የጋራዡ ቋንቋ ራሱ ታሪክ ነው። ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፣ ቶርኖ የምንላቸው ቃላት ጣሊያን ጥሎልን የሄደው ነው። በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው ወራሪ በጣርማ በር ተራራ ሆድ ውስጥ ዋሻ አስበስቶ ነበር። ወራሪው አምስት ዓመት ሳይሞላው ተባረረ፤ ዋሻውና የመካኒኩ ቃላት ግን ቀሩ። ሙያውን ያገኘነው በትምህርት ቤት ሳይሆን በረዳትነት፣ ዘይት እየጠረጉ በማየት ነው። የኋላው ጥፋትም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። ፒክአፕ ወደ ደጋ ሲወጣ መጀመሪያ የሚደረግለት ባሌስትራ መጨመር ነው። ፋብሪካው አንድ ቶን ያህል ይሸከማል ብሎ የሠራውን መኪና ባለቤቱ ያንን እጥፍ ሊጭንበት ይፈልጋል። ከኋላ ሁለት ሦስት ቅጠል ባሌስትራ ይጨመራል፤ መኪናው ከፍ ይላል፣ ጭነት ሲጫንበትም አይሰምጥም። ባለቤቱ ደስ ይለዋል፣ መካኒኩም ይመሰገናል።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ሃይሉክሶች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ አንድ ትንሽ የፍሬን ማከፋፈያ ቫልቭ አላቸው። ሥራው ቀላል ነው። ጭነት ሲበዛ የመኪናው ጀርባ ይወርዳል፤ ዘንጉ ይህን አይቶ ለኋላ ጎማ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቃል። መኪናው ባዶ ሲሆን ጀርባው ከፍ ይላል፤ ቫልቩም የኋላ ጎማ ተቆልፎ እንዳይንሸራተት ግፊቱን ይቀንሳል። እንግዲህ ባሌስትራ ጨምረን ጀርባውን ስናነሳው ምን ይሆናል? ቫልቩ ይታለላል። መኪናው አፉ ድረስ ተጭኖ እያለ ባዶ ነው ብሎ ያስባል። የኋላ ፍሬን በግማሽ ልብ ይሠራል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ይህን መኪና ይዛችሁ ከሌሚ ጫፍ ወደ ጀማ ውረዱ እስቲ! የፊቱ ፍሬን ይግላል። ለዓመታት ሳይቀየር የቆየ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስቦ ስለሚቆይ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሠራል፤ ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ ባዶ ላይ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያለው የእግዜር ነው። እኛም በማግሥቱ “ፍሬን እምቢ ብሎት” ብለን እንጽፋለን። ፍሬን እምቢ አይልም ጎበዝ! እምቢ እንዲል ያደረግነው እኛ ነን።

መድኃኒቱ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ብር አይፈልግም። ባሌስትራ የጨመረ መካኒክ የቫልቩን ዘንግ በዚያው ልክ ማስተካከል ወይም ማርዘም አለበት፤ ይኸው ነው። የፍሬን ዘይት በሁለት ዓመት አንዴ ይቀየር። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሾፌሩ ማርሽ አውርዶ በሞተሩ ይያዝ እንጂ ፍሬን ላይ እግሩን ተክሎ አይውረድ። ይህን የሚያውቁ የድሮ ሾፌሮች አሉ፤ የሚያሳዝነው አዲሶቹ ከማን እንደሚማሩት አለመታወቁ ነው።

ሁለተኛው ልማድ ፖምፓ መክፈት ነው። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያጣል። ሲወለድም ከ80 የፈረስ ጉልበት ብዙ ያልራቀ፣ 2,446 ሲሲ ያለው የድሮ ሞተር ዳገት ላይ ቢያለከልክ ምን ይገርማል? ባለቤቱ ግን “ደከመብኝ” ብሎ ጋራዥ ይወስደዋል፤ መካኒኩ ፖምፓውን ከፍቶ ናፍጣ ይጨምርለታል። የጎደለው እኮ አየር ነው፣ ናፍጣ አይደለም! የተጨመረው ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፣ ሞተሩን ያግለዋል፣ ቴስታታውን ያሰነጥቃል። የነዳጅ ወጪው ሲጨምር ጉልበቱ ባለበት ይቆማል።

ሦስተኛው ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል ነው። “እንዳይግል” ይባላል። መንዝ ላይ፣ ውርጭ በሚያድርበት አገር፣ ሞተሩ እንዲሞቅ የሚያደርገውን ዕቃ አውጥቶ መጣል ማለት ክረምት ላይ ጋቢ መግፈፍ ነው። ቀዝቅዞ የሚሠራ ሞተር ፋሻና ሲሊንደር ቶሎ ይበላል። በእውነት እንዳይግል ከተፈለገ የራዲያተሩ ክዳን ላስቲክ ይታይ። በዚያ ከፍታ ላይ ውኃ በ90 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ግፊት የሚይዝለት ክዳኑ ብቻ ነው። ክዳኑ ካለቀ ቴርሞስታት ቢወጣም ባይወጣም መፍላቱ አይቀርም።

ይህን ስል መካኒኩን ለመውቀስ አይደለም። የቤንዚን ሞተር አውጥቶ የናፍጣ ሞተር የሚገጥም፣ የተሰበረ ሻንሲ በላሜራ ደግፎ የሚያስነሳ፣ ከሦስት የሞቱ መኪናዎች አንድ ሕያው የሚያወጣ ባለሙያ ሊሸለም ይገባዋል። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል፤ ለመሆኑ ይማር ዘንድ ማን ጠራው? የሚያውቀውን ማን ጻፈለት? ያላወቀውን ማን ነገረው?

እዚህ ላይ ነው መንግሥት የሚመጣው። መጣ ስንል ግን የመጣው ቀረጥ ይዞ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። አሮጌ መኪና ለአየርም ለሰውም ጠንቅ ነው፣ አዲስ ግዙ ተባለ። ጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለምክር ቤት ተናገሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብር ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ! የፍሬን ሸራ፣ ጎማ፣ የፍሬን ዘይት የሚመጣው በዶላር ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነቱ ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ዕቃው ቢገኝም አይደርስም።

የኤሌክትሪክ መኪና ጠላት አይደለሁም፤ ናፍጣ ላለመግዛት እኔም እመኛለሁ። ግን ጓሳን አቋርጦ ግሼ የሚደርስ፣ ድንች ጭኖ ጭቃ የሚወጣ የኤሌክትሪክ ፒክአፕ የመንዝ ገበሬ በሚችለው ዋጋ እስኪመጣ ድረስ ምን ይደረግ? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ እኮ ነገሩ። የአዲሱን በር ሲዘጉ የአሮጌውን ዕድሜ እያራዘሙ መሆኑን ባለሥልጣኖቻችን አያውቁም እንዳልል፣ ያውቃሉ። አሮጌው በሕይወት የሚቆይ ከሆነ ደግሞ ጤናው የማን ኃላፊነት ነው?

“ምርመራ አለ” ይሉን ይሆናል። አዎ፣ አለ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 681 መኪና በየዓመቱ እንዲመረመር ያዛል። ቦሎ በመስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። ነገር ግን ስሙን በማልጠራው አንድ የምርመራ ቦታ ቆሜ ስመለከት፣ መብራት በርቶ ጠፋ፣ ጡሩንባ ተነፋ፣ የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከሊብሬው ጋር ተመሳከረ፤ አለቀ። ከመኪናው ሥር አጎንብሶ ስንት ቅጠል ባሌስትራ እንደተጨመረ ያየ፣ የፍሬኑ ዘንግ የት እንዳለ የጠየቀ ሰው አላየሁም። ሊብሬው ላይ ያለው ቁጥር ከሻንሲው ጋር መስማማቱ መኪናው እንዳልተሰረቀ ይነግረን ይሆናል፤ ጀማ ላይ እንደሚቆም ግን አይነግረንም።

“ታዲያ እነዚህን መኪናዎች ሰብስቦ ማስወገድ አይሻልም ወይ?” የሚል ይኖራል። ይሻላል፣ ምትክ ካለ። ምትክ ሳይኖር ማስወገድ ማለት የመንዝን ሰው ወደ ወሳንሳ መመለስ ነው። ነፍሰ ጡሯን በሰው ትከሻ አውርዱ ማለት ነው። ይህን የሚፈርድ ሰው መጀመሪያ እሱ ራሱ አንድ ዳገት ተሸክሞ ይውጣ።

የምንጠይቀው ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የፍሬን ሸራ፣ የፍሬን ዘይት፣ የፍሬን ላስቲክና ጎማ እንደ ቅንጦት ዕቃ አይቀረጡ፤ እነዚህ መድኃኒት ናቸው። ሁለተኛ፣ ባሌስትራ የተጨመረበትና ሞተር የተቀየረበት መኪና በግልጽ ይመዝገብ፤ ባለቤቱ ቅጣት ፈርቶ ከሚደብቅ፣ አሳውቆ ፍሬኑን ያስመርምር። ምርመራውም ጭነት ጭኖ ይሁን፤ ባዶ መኪና ሁሉም ይቆማል። ሦስተኛ፣ የደብረ ብርሃን፣ የመሐል ሜዳና የዓለም ከተማ መካኒኮች በቴክኒክና ሙያ ተቋማት ለአጭር ጊዜ ተጠርተው ይማሩ፣ የምስክር ወረቀትም ይሰጣቸው። ሲጠሩም እንደ መሃይም ሳይሆን እንደ ባለሙያ ይጠሩ፤ አስተማሪውም ከእነሱ የሚማረው ብዙ አለ።

ለባለ መኪናውም አንድ ቃል አለኝ። ለባሌስትራ ያወጣኸውን ገንዘብ ሩቡን ለፍሬን አውጣ። ከኋላ ስፖንዳውን ይዘው የቆሙት ጭነት አይደሉም፤ የጎረቤትህ ልጆች ናቸው። ለመካኒኩም እላለሁ፦ የጨመርከውን ብረት ስትቆጥር የቫልቩን ዘንግ አትርሳ።

ለባለሥልጣኖቻችን ግን የምለው አጭር ነው። አዲሱን ከከለከላችሁ አሮጌውን ጠብቁ። ሁለቱንም ትታችሁ በየዓመቱ ቦሎ መሸጥ ግን መንግሥትነት ሳይሆን ንግድ ነው፤ ያውም ሂሳቡ ጀማ ገደል ላይ በሰው ነፍስ የሚወራረድ ንግድ!