ቀብሮ መርሳት ዲዛይን አይደለም

በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ ጎርፍ በተኛ ቁጥር ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው «ቱቦው ጠባብ ስለሆነ ነው፤ ተቆፍሮ ትልቅ ይቀበርበት» ይላል። ሁለተኛው «ኅብረተሰቡ ቆሻሻ እየጣለ ስለደፈነው ነው» የሚል ነው። በሁለቱም ውስጥ እውነት አለ። ሁለቱም የሚቀዱት ግን ከአንድ እምነት ነው፤ የዝናብ ውኃ ከመሬት በታች ከተሰወረ ከተማዋ ሠለጠነች፣ የጎርፍ ቦዩ (ዲቹ) ተከፍቶ ከታየ ግን ገና ኋላ ቀር ነን ከሚል እምነት። በየስብሰባው፣ በየዲዛይን ሪፖርቱ፣ በየመንገድ ምረቃው ይደገማል። እኔ ግን ይህ እምነት በየክረምቱ የሰው ቤት የሚያስጥለቀልቅ ስሕተት ነው እላለሁ።

ከድሬኔጅ ሥራ ሁሉ ቀላሉ ቱቦ መምረጥ ነው። አሠራሩ የታወቀ ነው፤ ውኃው የሚሰበሰብበትን ቦታ ስፋት በሄክታር ትለካለህ፣ የዝናቡን ብርታት በሰዓት በሚሊ ሜትር ታወጣለህ፣ ከወረደው ዝናብ ምን ያህሉ ሳይሰርግ እንደሚፈስ የሚያሳየውን ቁጥር ከሠንጠረዥ ትመርጣለህ፤ ከዚያ ሦስቱን አባዝተህ ለ360 ታካፍላለህ። የምታገኘው በሰከንድ ስንት ሜትር ኩብ ውኃ እንደሚመጣብህ ነው። ኩችሊንግ የተባለ መሐንዲስ በአሜሪካ ሮቸስተር ከተማ ይህን ስሌት ያሳተመው በ1889 እ.ኤ.አ. ነው። ቱቦው ስንት እንደሚያሳልፍ የምናሰላበትን ቀመር አየርላንዳዊው ማኒንግ ያቀረበውም በዚያው ዓመት ነው። አዲስ አበባ ያኔ ከተቆረቆረች ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ዛሬ ኤክሴል የሚያውቅ ጀማሪ መሐንዲስ የአንድ ሰፈር ቱቦ በአንድ ከሰዓት በኋላ አስልቶ ይነሣል።

ስሌቱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ስሌቱ ዝም ብሎ ከሚያልፋቸው ነገሮች ጋር ነው።

ዲያሜትሩ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት ቱቦ በየ100 ሜትሩ አንድ ሜትር እንዲወርድ ተደርጎ ከተቀበረ፣ ሞልቶ ሲፈስ በሰከንድ 1.8 ሜትር ኩብ ገደማ ያሳልፋል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ይህ ሁሉ ውኃ ወደ ቱቦው የሚገባው ግን በየት ነው? በከርብ ስቶኑ ሥር ባለችው ቀዳዳና በብረት ፍርግርጓ ነው። አንዲት ፍርግርግ በሰከንድ 50 ሊትር ትቀበላለች ብለን ብንቸር፣ ቱቦውን ለመሙላት 36 ንጹሕ ፍርግርግ ያስፈልጋል። በየ50 ሜትሩ ግራና ቀኝ ብንደረድራቸው መንገዱ 900 ሜትር መርዘም አለበት። ከጎን የሚገባ መጋቢ ቱቦ ከሌለ፣ ከዚያ ባጠረ መንገድ ላይ ያ ቱቦ ሞልቶ አያውቅም ማለት ነው። ላይ አስፋልቱ ባሕር ሆኖ፣ ሥር ቱቦው ግማሽ ባዶ ነው። ይህን የሚያይ የለም። ስለማይታይም በሚቀጥለው በጀት «ጠቧል» ተብሎ በ120 ሳንቲ ሜትር ይተካል፤ ፍርግርጎቹ ግን ቁጥራቸውም ቦታቸውም አይለወጥም።

ሐምሌ ላይ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲያባራ፣ ቁልቁለት መንገድ ላይ ካለች አንዲት ፍርግርግ አጠገብ ቆም ብሎ ማየት ይበቃል። የጫት ገረባ ተጋድሞባታል፤ በገረባው ላይ ፌስታል ተጠምጥሟል፤ በፌስታሉ ላይ ከላይኛው የግንባታ ቦታ የወረደ አሸዋ ተኝቷል። ክፍት የቀሩት ሁለት ሦስት ቀዳዳዎች ናቸው። አስፋልቱ ከተነጠፈ በኋላ ስለተገጠመች ከመንገዱ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብላለች፤ ስለዚህ ውኃው ይዞራታል እንጂ አይገባባትም። ዝቅ ብላ የተገጠመችዋ ደግሞ ብረቶቿ የውኃውን መንገድ አቋርጠው ስለተደረደሩ፣ በፍጥነት የመጣው ጎርፍ በላያቸው ተንሸራቶ ወደ ታች ይቀጥላል። ከተማዋ ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው እንጦጦ ተነሥታ ወደ 2,100 ሜትር ገደማ አቃቂ የምትወርድ ናት። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ ቱቦ በትንሽ ዲያሜትር ብዙ ውኃ ያሳልፋል፤ አፉ ግን በተቃራኒው ነው፤ ውኃው በፈጠነ ቁጥር የሚያመልጠው ይበዛል። ገንዘቡን የምናፈሰው ቱቦው ላይ ነው፤ የጎደለን ግን አፍ ነው።

ጊዜም ከስሌቱ ውጪ ነው። 10 ሄክታር ሰፈር በሰዓት 100 ሚሊ ሜትር በሚያወርድ ዝናብ ቢመታና ከዝናቡ 40 በመቶው ብቻ ቢፈስ፣ የሚመጣው በሰከንድ 1.1 ሜትር ኩብ ነው። ያ የ90 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይበቃዋል፤ ይተርፈዋልም። ያው ሰፈር ግቢውን ሲሚንቶ ሲያለብስ፣ ጓሮውን በቆርቆሮ ቤት ሲሞላ፣ የውስጥ መንገዱን ኮብልስቶን ሲያነጥፍ የሚፈሰው ወደ 80 በመቶ ይጠጋል፤ ውኃውም 2.2 ሜትር ኩብ ይሆናል። ቱቦውን ማንም አልነካውም፤ ዝናቡም አልጨመረም። ያቺ ከሠንጠረዥ የተመረጠችው ቁጥር ብቻ በሰፈሩ ሰው እጅ እጥፍ ሆነች። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤትና ቱቦ የሚቀብረው መሥሪያ ቤት ስለዚህች ቁጥር አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ተነጋግረው ያውቁ እንደሆነ እጠራጠራለሁ።

ደለሉ ደግሞ አለ። ግማሹን ደለል የያዘ ክብ ቱቦ የውኃውን ግማሽ የሚያሳልፍ ይመስላል፤ አያሳልፍም። ውኃው የሚታከከው ግድግዳ ከስፋቱ አንጻር ስለሚበዛ፣ የሚያልፈው ከሲሶው እምብዛም አይበልጥም። በአዲስ አበባ ቱቦ ውስጥ ደለል መተኛቱ ደግሞ እንግዳ ነገር አይደለም፤ አሸዋና ጠጠር መንገድ ዳር ተከምሮ ግንባታ በሚካሄድበት ከተማ ሌላ ምን ይጠበቃል? ታዲያ ማን ያወጣዋል? 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ውስጥ ሰው አካፋ ይዞ አይገባም፤ በግፊት ውኃ የሚያጥብ መኪና ያስፈልጋል፤ መኪናው ቢመጣ የማንሆሉ ክዳን አስፋልት ተደርቦበት የት እንዳለ አይታወቅም፤ የሚያሳየው ሥዕል የመሥሪያ ቤቱ ስም በተለወጠ ቁጥር ከመዝገብ ቤት መዝገብ ቤት ሲዞር ጠፍቷል። ጠረጋው የሚጀመረው ብዙ ጊዜ ጎርፉ ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። የወጣው ጭቃም እዚያው ማንሆሉ አፍ ላይ ይከመርና በማግስቱ ዝናብ ተመልሶ ይገባል። ይህን ያላየ የከተማው ነዋሪ ካለ ዕድለኛ ነው።

እዚህ ላይ «ቆሻሻ የሚጥለው ነዋሪ ነው» የሚለው ክርክር ይመጣል። ይጥላል፤ መጸዳጃ ቤቱንም ከዝናብ ውኃ ቱቦ ጋር በሌሊት የሚያገናኝ አለ። ሊቀጣ ይገባል። ግን ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ «ሾፌሮቹ ከልክ በላይ ባይጭኑ ኖሮ» ብሎ ራሱን አይከላከልም፤ ምን እንደሚጫን አውቆ ነው የሚያሰላው። ፌስታልና ገረባ የማይወርድበት አዲስ አበባ እስኪመጣ ድረስ፣ በየአፉ ሥር ደለልና ቆሻሻ የሚይዝ፣ ባለ አካፋ ሠራተኛ የሚደርስበት ጉድጓድ መሥራት የዲዛይነሩ ሥራ ነው። ያን ትቶ ጥፋቱን ለነዋሪው ማሸከም የሙያ ስንፍና ነው።

መመሪያ ስለሌለንም አይደለም። የኢትዮጵያ መንገዶች ባለሥልጣን በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣውና በ2013 እ.ኤ.አ. ያሻሻለው የድሬኔጅ ዲዛይን ማኑዋል አለ፤ ወፍራም መጽሐፍ ነው። እኛ የምንከፍተው የቱቦው ዲያሜትር ያለበትን ገጽ ነው።

ክፍት ዲች ይመለስ እያልኩ አይደለም። ክፍት ዲች ሕፃን ይገባበታል፣ በመሸ ጊዜ ሰው እግሩን ይሰብርበታል፣ መኪና ጎማውን ይጥልበታል፣ ይሸታል፣ የእግረኛ መንገዱን ይበላል። ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን በክፍቱ ዲችና በተቀበረው ቱቦ መካከል ባለ ክዳኑ ዲች አለ፤ ከድንጋይ ወይም ከአርማታ ተሠርቶ በላዩ የሚነሡ የኮንክሪት ክዳኖች የተደረደሩበት። ክዳኖቹ መሐል ክፍተት ከተተወ ውኃው በርዝመቱ ሁሉ ይገባል። ሁለት ሰው በብረት መፈንቀያ አንሥቶ ይጠርገዋል። ሲደፈን ያስታውቃል፤ ሰፈሩ አይቶ ይጮኻል። ጉድለትም አለው፤ ክዳኑ ይሰበራል፣ ብረቱ ይወሰዳል፣ የተነሣው ሳይመለስ ይከርማል። እነዚህ ግን የሚታዩ ጉድለቶች ናቸው፤ የሚታይ ጉድለት ደግሞ ይጠገናል። ለውስጥ መንገድና ለመለስተኛ መንገድ እኔ ሁልጊዜ ይህንኑ እመርጣለሁ። በሰፊው አውራ ጎዳና፣ ብዙ መስመር በሚገናኝበት ቦታ ቱቦ መቅበር ግድ ነው፤ ያኔም ቢሆን ሰው ገብቶ የሚጠርገው ስፋት ያለው ይሁን።

ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፋው የኮሪደር ልማት ብዙ መስመሮችን ወደ መሬት ሥር አስገብቷል። መንገዱ አምሯል። ያማረው ግን የሚታየው ነው፤ የማይታየውን የሚፈትነው ክረምቱ ነው፤ ያውም የመጀመሪያው ሳይሆን ደለሉ ከተኛ በኋላ የሚመጣው ሦስተኛው ወይም አራተኛው።

ከከተማ ስንወጣ ነገሩ ከመንገድ ሥር ውኃ በሚያሳልፈው ከልቨርት መልክ ይመጣል። ገጠር መንገድ ላይ ያለ አጭር ከልቨርት፣ በተለይ ቁልቁለት ላይ፣ የሚያሳልፈውን ውኃ የሚወስነው ሆዱ ሳይሆን አፉ ነው። በአፉ ላይ ያለው ግንብ ውኃውን ሰብስቦ ካላስገባው፣ ሆዱ ምንም ያህል ቢሰፋ ውኃው ከመንገዱ በስተላይ ይጠራቀማል፣ በመንገዱ ላይ ይፈሳል፣ ገረጋንቲውን ከታች በኩል እየበላ ይወጣል። ጠዋት ሲነጋ መንገዱ ተቆርጦ ቱቦው ብቻውን ተንጠልጥሎ ይገኛል። «ከልቨርቱ ጠንካራ ነበር» እየተባለም ሪፖርት ይጻፋል። እውነት ነው፤ ከልቨርቱ አልተሰበረም።

መውጫውስ? ቀድሞ በሜዳው ተበትኖ ይወርድ የነበረውን ውኃ መንገዱ ሰብስቦ በአንድ ቀዳዳ ሲተፋው፣ ከታች ያለው የገበሬ ማሳ በጥቂት ክረምት ቦረቦር ይሆናል። ገበሬው የከልቨርቱን አፍ በድንጋይ ሲደፍነው «የልማት እንቅፋት» ይባላል። ሰውየው ግን ዲዛይነሩ ያልሠራውን ስሌት ሠርቷል፤ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ አስቧል። በትግራይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመንገድ ጎርፍን ወደ ኩሬና ወደ ማሳ ማዞር እንደሚቻል ሠርተው አሳይተዋል። ያ ውኃ ለአንዱ ጠላት፣ ለሌላው ሀብት የሚሆነው በመውጫው አሠራር ነው።

በመጨረሻ ሁሉም ዲዛይን የሚሸሸው ጥያቄ አለ፤ ሲሞላስ? የከተማ ቱቦ ብዙ ጊዜ የሚሰላው በአምስት ወይም በዐሥር ዓመት አንዴ ለሚመጣ ዝናብ ነው። ይህ ማለት ዝናቡ አምስት ዓመት ቆጥሮ ይመጣል ማለት አይደለም። የአምስት ዓመት ዝናብ በየዓመቱ 20 በመቶ ዕድል አለው፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ቢያንስ አንዴ ቱቦውን የማለፍ ዕድሉ 67 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቱቦው እንደሚሞላ ገና በወረቀት ላይ እያለ ይታወቃል። በዚህ ጥፋት የለም፤ ለመቶ ዓመት ዝናብ የሚበቃ ቱቦ በየሰፈሩ መቅበር የሚችል በጀት የለንም። ጥፋቱ የሚተርፈው ውኃ በየት እንደሚያልፍ አለመወሰን ነው። ባልተወሰነበት ቦታ ውኃው ራሱ ይወስናል። አስፋልት በአስፋልት ላይ እየተደረበ መንገዱ ከቤቱ ደጃፍ በላይ በወጣበት ሰፈር ውሳኔው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ፍራሽ በጣሪያ ላይ ሲሰጣ አይታችኋል።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ቱቦ ለመቅበር ጨረታ የምታወጡ ሰዎች፣ ከዲያሜትሩ በፊት ሌላ ጠይቁ። በሥዕሉ ላይ የፍርግርጎቹን ቁጥርና እያንዳንዷ የምትቀበለውን መጠን አስጽፉ። ማን እንደሚጠርገው፣ በምን መሣሪያ፣ በግንቦት በስንተኛው ቀን እንደሚጀምር ኃላፊውን በስሙ አስፈርሙ። ቱቦው ሲሞላ ውኃው የሚሄድበትን መስመር ከመንገዱ እስከ ወንዙ በቀይ አስምሩና ለሰፈሩ ሰው አሳዩት። ይህ የሌለበትን ዲዛይን አታጽድቁ።