ደቦ የማይገባበት ሥራ

የአገራችን ሕዝብ በሥራ ከሚመሰገንባቸው መልካም ልማዶች አንዱ መረዳዳት ነው። አዝመራ ሲደርስ ደቦ ይጠራል፤ ጐጆ ሲሠራ መንደሩ በሙሉ ይወጣል፤ በሬ ገደል ቢገባ መንገደኛው እንኳ ሸክሙን አስቀምጦ አብሮ ይጐትታል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የተባለውም ስለዚህ ነው። ይሁን እንጂ ይህ የተመሰገነ ልማድ ሰውን ለሞትና ለአካል ጕዳት ሊዳርግ የሚችልበት አንድ ሥራ ወደ እርሻው ቦታ ገብቷል። እርሱም በእጅ በሚሳብ የሰንሰለት ማንሻ ከባድ ዕቃን የማንሣት ሥራ ነው።

በጋራዥ ሠራተኞች ዘንድ «ቼን ብሎክ» እየተባለ የሚጠራው ይህ መሣሪያ ለገበሬው እንግዳ መሆኑ ቀርቷል። የትራክተርና የኮምባይነር ሞተር ለጥገና የሚወርደውና ተመልሶ የሚገጠመው በእርሱ ነው። የመስኖ ፓምፕ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ ሲበላሽም ሦስት ረጃጅም ቋሚዎች ጫፋቸው ታስሮ ይተከሉና ማንሻው ከመካከላቸው ይሰቀላል። ነዳጅና መብራት የማይጠይቅ፣ በአህያ ጀርባ ተጭኖ ከቀበሌ ወደ ቀበሌ ሊዞር የሚችል ዕቃ ስለ ሆነ ጥቅሙ አያጠራጥርም። የሚያሳስበው አያያዙ ነው።

ማንሻው የሰውን ጕልበት የሚያበዛው በውስጡ ባሉት ጥርሳም መዘውሮች አማካይነት ነው። ሁለት ሰንሰለቶች አሉት፤ አንዱ በእጅ የሚሳበው ሲሆን ሌላው ጭነቱን የሚሸከመው ነው። የእጁ ሰንሰለት ብዙ አሥር ሜትር ሲሳብ ጭነቱ ከፍ የሚለው 1 ሜትር ብቻ ነው፤ ሰው በጕልበት ያተረፈውን በርዝመት ይከፍላል ማለት ነው። ስለዚህም 1 ቶን፣ ማለት 10 ኩንታል፣ እንዲያነሣ የተሠራ ማንሻ ሙሉ ጭነቱን በተሸከመ ጊዜ ከሳቢው የሚጠይቀው በአብዛኛው ከ30 እስከ 40 ኪሎ የሚሆን ስበት ነው። ይህም ልክ በአጋጣሚ የተገኘ አይደለም። አምራቾቹ አንድ ጤነኛ ሰው ብቻውን ሊስበው የሚችለውን አስበው ያበጁት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ሕግ አጭር ነው፤ አንድ ሰው ስቦ እንቢ ባለው ሰንሰለት ላይ ሁለተኛ ሰው አይጨመርበትም። ሰንሰለቱ ለአንድ ሰው ሲከብደው መሣሪያው ከአቅሜ በላይ ሆነ ማለቱ ነው። ሁለት ሰዎች ተጋግዘው ቢስቡት 1 ቶን በተጻፈበት ማንሻ ላይ እስከ 2 ቶን የሚደርስ ኀይል ያርፍበታል፤ ሦስት ቢሆኑም እንዲሁ እየጨመረ ይሄዳል። እርግጥ ጥሩ የማንሻ ሰንሰለት ከተጻፈው ልክ አራት እጥፍ እስኪደርስ ድረስ እንዳይበጠስ ተደርጎ ይሠራል። ነገር ግን ያ ትርፍ የተተወው ለማርጀት፣ ለመበላትና ለድንገተኛ ንቅናቄ እንጂ ለደቦ አይደለም። ደግሞም ትርፉ የሰንሰለቱ ነው፤ ማንሻው የተሰቀለበት የባሕር ዛፍ ቋሚ እንዲህ ያለ ትርፍ እንዳለው ማንም የመሰከረለት የለም።

ለምሳሌ በ60 ሜትር ጥልቀት ላይ የተንጠለጠለ ፓምፕ ይታሰብ። ቧንቧው ባለ 3 ኢንች ብረት ቢሆን አንዱ ሜትር ከ8 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን፣ ጠቅላላው 500 ኪሎ ያህል ይሆናል። ባለ ግማሽ ቶን ማንሻ ያለው ማኅበር እዚህ ላይ ሒሳቡን ዘግቶ «ይበቃል» ይላል። ነገር ግን ውኃው ወደ ታች እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭ ደኅና ከሆነ ቧንቧው ውኃ እንደ ሞላ ነው። በየሜትሩ 5 ሊትር ያህል ውኃ ስለሚይዝ ሌላ 300 ኪሎ ይጨመራል። ፓምፑና ኬብሉ ሲታከሉበት ጭነቱ ከ800 ኪሎ ያልፋል። ቧንቧው እየተፈታ በወጣ ቍጥር ሸክሙ ስለሚቀንስ፣ ከሁሉ የሚከብደው የመጀመሪያው ስበት ነው። እንግዲህ አደጋው የሚቀርበው ሥራው ገና ሲጀመርና ሰዉ ለማየት በጕድጓዱ ዙሪያ በተሰበሰበበት ሰዓት ነው።

ከዚህም የሚብስ አለ። ፓምፑ በደለል ተይዞ ወይም ከጕድጓዱ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ እንደ ሆነ ሚዛን የሚባለው ነገር ፋይዳ የለውም። የተያዘ ዕቃ የሚሰጠው ተቃውሞ ሰዎቹ የሳቡትን ያህል ስለ ሆነ፣ ወሰኑ የሳቢዎቹ ጕልበት ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ «በሉ እንግዲህ፣ አንድ ጊዜ አብራችሁ!» የሚል ጩኸት ይሰማል። እልኸኛው ወጣት ሁሉ ሰንሰለቱን ሲይዝ መንጠቆው ይከፈታል፣ ቋሚው ይሰበራል፣ ወይም ፓምፑ በድንገት ሲለቀቅ ሰንሰለቱ እንደ ጅራፍ ይወናጨፋል። ተገቢው ነገር ስበቱን አቁሞ ዕቃው የተያዘበትን ምክንያት መፈለግና ባለሙያ መጥራት ነው። አንድ ቀን መዘግየት አንድ ሰው ከማጣት ይሻላል።

የምርመራውም ነገር እንደ አጠቃቀሙ የተዘነጋ ነው። የማንሻ መንጠቆ ከሚገባው በላይ ሲጫን ከመሰበሩ በፊት አፉን እየከፈተ ይሄዳል። አፉ አዲስ ከነበረበት ልክ ከመቶ 5 የተከፈተ፣ ወይም በዐይን የሚታይ መጣመም ያለበት መንጠቆ ከሥራ መውጣት አለበት። የአፉ ስፋት 30 ሚሊሜትር በሆነ መንጠቆ ላይ ይህ ልዩነት አንድ ሚሊሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ ልኩ በአዲስነቱ ካልተጻፈ ዐይን ብቻውን አይለየውም። ገመዱ ሾልኮ እንዳይወጣ የመንጠቆውን አፍ የምትዘጋው ምላስም መኖሯና በራሷ መመለሷ ይታያል። ብዙ ሰው ታስቸግራለች ብሎ ነቅሎ ይጥላታል፤ ጥቅሟ የሚታወቀው ገመዱ የላላ ዕለት ነው።

ሰንሰለቱ የሚበላው ቀለበቶቹ እርስ በርስ በሚነካኩበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ጭቃው ታጥቦ ቀለበቶቹ እየተላሉ መታየት አለባቸው። ከውፍረቱ ከመቶ 10 የጐደለ ቀለበት ዘመኑን ጨርሷል። ርዝመቱም ይለካል። የ11 ቀለበቶች ርዝመት በአዲስነቱ ተመዝግቦ ቆይቶ፣ ከዚያ ከመቶ 2 እስከ 3 የረዘመ ሰንሰለት በአብዛኛው ይጣላል፤ ትክክለኛውን ወሰን የሚሰጠው ግን የአምራቹ መመሪያ ነው። የተበጠሰን ሰንሰለት በብየዳ ወይም በብሎን መቀጠል ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ብረቱ ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በልዩ ሙቀት ተዘጋጅቶ ስለ ሆነ የብየዳ እሳት ያንን ያጠፋዋል። ድር ሲያብር ይጠነክራል፤ ሰንሰለት ግን ከደካማው ቀለበቱ አይበልጥም።

በፍሬኑ ላይ የሚፈጸም አንድ የቸርነት ስሕተት አለ። ጭነቱን በአየር ላይ ይዞ የሚያቆመው በማንሻው ውስጥ ያለው የፍሬን ሸራ ነው። ዕቃ በዘይት ይለሰልሳል ተብሎ ማንሻውን በሙሉ ዘይት ማጠጣት የተለመደ ሆኗል። ዘይት የሚገባው ለጭነቱ ሰንሰለት ነው፤ ደረቅ ሆኖ እንዲሠራ የተበጀ ሸራ ላይ ዘይት ከደረሰ ግን ፍሬኑ ያሟልጫል፤ ጭነቱም ይወርዳል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ጭነቱ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ሰንሰለቱ ይለቀቅና ጥቂት ይጠበቃል። ጭነቱ በዝግታም ቢሆን ከወረደ ሥራው በዚያው ይቆማል።

ይህ ሁሉ ሲነገር «ትናንት ያነሣው ዛሬ ምን ያቅተዋል?» የሚል መልስ ይሰጣል። ነገር ግን ብረት የሚደክመው በጥቂት በጥቂቱ ስለ ሆነ፣ ትናንት ማንሣቱ ለዛሬ ዋስ አይሆንም። ሌላው መልስ የገንዘብ ነው፤ አዲስ ሰንሰለት ውድ ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው። ሆኖም ምርመራው ራሱ የሚጠይቀው መለኪያ፣ ደብተርና የአንድ ሰው ግማሽ ቀን ብቻ ነው፤ ገንዘብ ቸግሮ የቀረ ምርመራ ሳይሆን ባለቤት አጥቶ የቀረ ምርመራ ነው።

ሕግም አልጠፋም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1979 ስለ ወደብ ሥራ ባወጣው 152ኛ ስምምነት ማንኛውም የማንሻ መሣሪያ ቢያንስ በየ12 ወሩ በብቁ ሰው በጥልቅ እንዲመረመር ተደንግጓል። በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ ጕዳይ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገር ግን የጎረቤቱን ፓምፕ ሊያወጣ በደቦ የሄደ ገበሬ ተቀጣሪ አይደለም፤ ወደቡም ዘንድ አይሠራም። በእርሱ ላይ ለሚደርሰው ጕዳት የሚጠየቅ አሠሪ፣ ጕድጓዱ አፍ ድረስ የሚመጣ ተቈጣጣሪም የለም። ስለዚህ በሕጉ ያልተደረሰበትን ቦታ ማኅበሩ በራሱ ደንብ ሊሸፍነው ይገባል።

ደንቡም ረጅም መሆን አያስፈልገውም። ማንሻ ያለው ማንኛውም የኅብረት ሥራ ማኅበር አንድ ኀላፊ ይሹም፤ ማንሻው ከእርሱ እጅ ካልሆነ በቀር አይውጣ። የመንጠቆው አፍና የ11 ቀለበቶች ርዝመት በተገዛበት ቀን በደብተር ይጻፍ፤ ለውሰት ሄዶ በተመለሰ ቍጥርም እንደገና ይለካ። የተጻፈበት የጭነት ልክ የጠፋበት ማንሻ እስኪታወቅ ድረስ አይሥራ። ከሥራ የወጣ መንጠቆና ሰንሰለት በመጋዝ ይቈረጥ፤ ሳይቈረጥ ጥግ የተጣለ ዕቃ በቸገረ ጊዜ ተመልሶ ይሰቀላልና። የጭነቱ ሰንሰለት በዕቃው ላይ እንደ ገመድ አይጠምጠም፤ ሰውም በማንሻው ወደ ጕድጓድ አይውረድ፤ መሣሪያው የተሠራው ለዕቃ ብቻ ነው። ሞተር ተሰቅሎ ከሥሩ ከመገባቱ በፊት ጠንካራ ጕርድ እንጨት ይደገፍበት።

ፓምፕና ትራክተር ለገበሬው የሚያቀርቡ መሥሪያ ቤቶችም ድርሻ አላቸው። ዕቃውን ሲያስረክቡ የማንሻውን አጠቃቀም ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ጽፈው፣ ማንበብ ለማይችለውም በተግባር አሳይተው ሊያስረክቡ ይገባል። የወረዳ የግብርና ባለሙያ ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ሲያስተምር ስለ ሰንሰለቱም ግማሽ ሰዓት ቢጨምር ከሥራው የወጣ አይሆንም።

ደቦውም ቢሆን ፈጽሞ ይቅር አይባልም። ቋሚዎቹን ተሸክሞ የሚያመጣ፣ እግራቸው እንዳይንሸራተት መሬቱን የሚቈፍር፣ የወጣውን ቧንቧ ተቀብሎ የሚደረድር፣ ልጆችን ከጕድጓዱ አፍ የሚያርቅ ብዙ እጅ ያስፈልጋል። በእጁ ሰንሰለት ላይ ግን አንድ ሰው ብቻ ይቁም፤ እርሱም «አልቻልኩም» ባለ ጊዜ ማንም ሰው ሊያግዘው አይነሣ።