«ሕፃናትን በውሸት አትመግቡ» ላሉን

ባለፈው እትም አንድ ጓደኛችን ስለ ሕፃናት መጻሕፍት የጻፈውን አነበብን። ነገሩ ባጭሩ ይኼ ነው፦ የሚናገር አንበሳ፣ የሚበር ልጅ፣ ከጭራቅ ጋር የሚወዳጅ እረኛ፣ ይኼ ሁሉ ለጠገበ አገር ልጅ የተሠራ ቅንጦት ነው፤ ለጌዴኦ ገበሬ ልጅ የሚያስፈልገው እውነት ነው፣ ስለ ቡና፣ ስለ ንጽሕና፣ ስለ ወባ። ሻይ ቤት ውስጥ ያጨበጨቡለትም ነበሩ። ለእኛ ግን አልተዋጠልንም።

ከምናውቀው እንነሣ። ባለፈው ክረምት ዲላ ውስጥ በአንዲት የንባብ ክፍል ለትንንሽ ልጆች እናነብ ነበር። ባለ ሥዕል መጻሕፍቱ ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽገው የመጡ ናቸው። አንደኛው ስለ አንድ ድብና ስለ አንዲት ወፍ ጓደኝነት ነው፤ ከዳር እስከ ዳር በረዶ። እንግሊዝኛውን እየተረጎምን እናወራለን። ስድስት ዓመት የማይሞላት አንዲት ልጅ ሥዕሉ ላይ አፍጥጣ ቆየችና «ይኼ ሁሉ በረዶ ወርዶ ቡናውስ?» አለች።

ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን የሚያሥቀን ነገር አልነበረም። ልጅቷ የምታውቀው በረዶ ከሰማይ ወርዶ ዓመት የተለፋበትን ቡና የሚያረግፈውን ነው። ደራሲው ያላሰበውን አደጋ ታሪኩ ውስጥ አገባችበት፤ አልፋም ድቡ ቡናውን ሊያድን ይሮጥ እንደሆነ ጠየቀችን። እኛም አስሮጥነው፤ ምን እናድርግ! መጽሐፉ ግን ወዲያው «ይቀደዳል» ተብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆለፈበት።

ታዲያ ጥፋቱ የድቡ ነው? እኛ የቁልፉና የቋንቋው ነው እንላለን። በ2002 ዓ.ም. በስድስት የአገራችን ቋንቋዎች የንባብ ፈተና ሲሰጥ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 ከመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከዚያ በኋላ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የንባብ መማሪያዎች ተዘጋጁ፤ ጎረቤቶቻችን ሲዳምኛና ሀዲይኛ ደረሳቸው። ጌዴኡፋ ከፈተናውም ከሰባቱም ውስጥ አልነበረም። ልጁ በላቲኑ ፊደል ስሙን መጻፍ ከቻለ በኋላ ምን ያንብብ? የወባ ማስጠንቀቂያ? ከእኛ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ሐዋሳ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ የሕፃናት መጻሕፍት በአህያ ጋሪ አስጭኖ በየሰፈሩ አዙሯል። ልጆቹ ከጋሪው አጠገብ ቁጭ ብለው የሚያነቡት ቅንጦት አምሯቸው ነው?

ደግሞ «እውነት» ከተባለ፣ እሺ፣ እውነቱን እናንሣ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ከቀዬው ተፈናቀለ። ገደብ ላይ ልጆች በየትምህርት ቤቱ ወለል ላይ አደሩ። ከእኛ መካከል ያኔ ልጆች የነበርንና ይህን ያየን አለን። ትናንት አብሮት ከብት ሲያግድ የነበረው የጎረቤት ልጅ ዛሬ ለምን እንደማይመጣ ለሚጠይቅ የአምስት ዓመት ሕፃን የትኛውን እውነት እንንገረው? የተፈናቃይ ቁጥር? ፍርሃቱ ስም የለውም፤ መልክ ግን ሊሰጠው ይችላል፣ ቀንድና ጥርስ ያለው፣ ተነጋግረው የሚያባርሩት መልክ። አሜሪካዊው ሞሪስ ሴንዳክ በ1963 እ.ኤ.አ. ልጅን ከጭራቆች ጋር ያገናኘውን ባለ ሥዕል መጽሐፉን ሲያወጣ ልጆችን ያስፈራል ያሉት ትልልቆቹ ነበሩ። ልጆቹ ግን ወደዱት።

ሽማግሎቻችንስ? ዳራሶና ጉጆ የአንድ አባት ልጆች ነበሩ ይላሉ፤ ጌዴኦና ጉጂ ወንድማማች ናቸው ለማለት ነው። ደም ሲፈስም ጎንዶሮ ያደርጋሉ። ጓደኛችን ይሄንንም «ማስረጃው የታለ?» ይለው ይሆን? ይህ ተረት ብዙ ሪፖርት ያልቻለውን ሰው የማቀራረብ ሥራ ሲሠራ ኖሯል።

አንድ ነገር ግን እንቀበለዋለን። በአማርኛ የሚወጡት ብዙዎቹ የሕፃናት መጻሕፍት ያሰለቻሉ። ጀግናው ሁልጊዜ ጦር የያዘ ወንድ ነው፤ ጓደኝነቱ የሚጀምረው በምክር ነው፤ መጨረሻው ገጽ ላይ «ከዚህ ምን ተማራችሁ?» የሚል ጥያቄ ይጠብቃል። ልጅ ይህን ሲያይ ፈተና መሆኑ ይገባዋል። አባባ ተስፋዬ ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ሲተርቱ ግን ልጁ ቁጭ የሚለው ለምክሩ አልነበረም፤ ጅቡ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ለመስማት ነበር።

ወቀሳው ወደ እኛም ይመጣል፤ አንሸሽም። በየዓመቱ ከሥነ ጽሑፍና ከፎክሎር ተማሪዎች አንዱ ወደ ቡሌ ወይም ወደ ይርጋጨፌ ይወርድና ከአያቶች ተረት ይሰበስባል። ይተነትነዋል፣ ያስጠርዘዋል፣ ይመረቅበታል። ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ከእነዚያ ጥራዞች ውስጥ አንድ ተረት እንኳ ሥዕል ገብቶበት በጌዴኡፋ ለነገሩት አያት የልጅ ልጅ ሲመለስ አላየንም። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ በየመንገዱ ጨፍረናል። በቱቱ ፈላ ፊት የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ቆመዋል፤ ማታ ማታ ምን ያወራሉ ብሎ የሚጠይቅ የሰባት ዓመት ልጅ ካለ መልስ የሚሰጠው አንድም ገጽ የለንም።

እኛ አንዱን ተረት አሳጥረን ጀምረናል። ሥዕል የሚችል ጠፋ። ቀለም የለንም፤ ስቴንስልና ወረቀት አለ። ጓደኛችንም ቢሆን እጁ ለሥዕል ጥሩ እንደሆነ እናውቃለን፤ ድቡን እሱ ቢሥልልን፣ ቡናው እንዳይረግፍ እኛ እንጠብቃለን።