ተጠባባቂው ተዋናይ

«ተዋናይነት የተፈጥሮ ስጦታ ነው፤ የታደለው ሳይማር ይጫወታል፤ ያልታደለው ቢማርም አይሆንለትም» የሚሉ ወንድሞችና እኅቶች በመካከላችን አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም። ለምስክርነትም የእንግሊዛዊውን ተዋናይ የአልበርት ፊኒን የወጣትነት ዘመን እንጠራለን። (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ፊኒ በ1936 ዓ.ም. ሳልፎርድ በምትባል የፋብሪካ ከተማ ተወለደ። አባቱ የፈረስ ውርርድ በማስያዝ የሚተዳደር ሰው ነበር። ዲሬክተሩ ተሰጥኦውን አይተው መከሩት፤ ነጻ የትምህርት ዕድልም አግኝቶ ሎንዶን ከሚገኘው ንጉሣዊ የድራማ ጥበብ አካዳሚ ገባ። በ1956 ዓ.ም. ትምህርቱን እንደ ጨረሰ ወደ በርሚንግሃም ሬፐርቶሪ ቴአትር ሄደ። ይህ በ1913 ዓ.ም. የተከፈተ ቤት ተዋንያንን በቋሚነት ቀጥሮ ድርሰቶችን በተከታታይ የሚያሳይ ነበር። ተዋንያኑ ማታ አንዱን ሲጫወቱ፣ ቀን የሚቀጥለውን ያጠናሉ። ፊኒም በዚሁ ቤት ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ሄንሪ አምስተኛንና ማክቤዝን ሆኖ ተጫወተ።

በ1959 ዓ.ም. በስትራትፎርድ ታላቁ ሎሬንስ ኦሊቪዬ ኮሪዮላነስን ሲጫወቱ፣ ፊኒ ከሮማ ዜጎች አንዱ ነበር፤ የኦሊቪዬም ተጠባባቂ እሱ ነበር። የተጠባባቂ ሥራ ምናልባት ፈጽሞ የማይናገሩትን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ማጥናት ነው። ጭብጨባ የለውም። ኦሊቪዬ ጉዳት በደረሰባቸው ጊዜ ግን ወጣቱ ተተክቶ ወጣ። የመጣው ሕዝብ ኦሊቪዬን ለማየት ነበር። ስጦታ ብቻውን ያን ማታ አንዲት ስንኝ እንኳ ባላስታወሰው ነበር!

በ1960 ዓ.ም. «ቢሊ ላየር» በተባለው ቴአትር ስሙ ገነነ። የዐረቢያው ሎሬንስን ታሪክ በሚያሳየው ፊልም እንዲሠራ ቢጠየቅ፣ ለብዙ ዓመት በውል መታሰርን ጠልቶ እምቢ አለ፤ ቦታውን ያገኘው የአካዳሚ ጓደኛው ፒተር ኦቱል ነው። ፊኒ በ1961 ዓ.ም. በሮያል ኮርት ቴአትር የጆን ኦዝቦርንን «ሉተር» ተጫወተ። የእኛው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም በዚያው ዘመን ገደማ ለትምህርት የሄዱት ወደዚሁ ቴአትር ነበር።

«ስንቱ ተምሮ ፊኒ አልሆነም?» የሚለን ይኖራል። እውነት ነው። እኛም ስጦታን አንክድም። ነገር ግን መካሪው ዲሬክተር፣ ነጻ ትምህርቱና የበርሚንግሃሙ ቤት ባይኖሩ ኖሮ ያ ስጦታ ሳልፎርድ ውስጥ ተቀብሮ በቀረ ነበር። ፊኒ በ2019 ዓ.ም. አረፈ። ዛሬ በብሪታንያም ቢሆን ቋሚ ተዋንያን ያሏቸው የክፍለ ሀገር ቴአትር ቤቶች እጅግ ጥቂት ናቸው። ታዲያ የዛሬው የሳልፎርድ ልጅ የት ይልመድ?

ጥያቄው ለእኛም ነው። «ተሰጥኦ ጠፋ» ብለን ከማማረራችን በፊት፣ ወጣቱ እየተሳሳተ የሚማርበት መድረክ ሰጥተነዋል ወይ ብለን እንጠይቅ።